ከጫማ ፋብሪካ እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ የአንድ ከንቲባ ትግልና ወሰኑ

የአንድ ኅብረተሰብ ታሪክ በጥቂት ግለሰቦች በጎ ፈቃድ እንደማይጻፍ የታወቀ ነው። በአንጻሩም ግለሰቦች በታሪክ ሂደት ውስጥ የሚኖራቸውን ድርሻ ጨርሶ መካድ ሌላው የስሕተት ጽንፍ ነው። በሁለቱ ጽንፎች መካከል ትክክለኛውን ሚዛን ለመያዝ የሚቻለው የሰውዬውን ሥራ ከነበረበት ዘመን፣ ከቆመበት መደብና ከገጠመው ተጨባጭ ሁኔታ ጋር አያይዞ በመመርመር ነው። ከዚህ አኳያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ከንቲባ የነበረውን የሄዘን ፒንግሪን ሕይወት መመርመር ለሠፈር ማኅበር አባላትና ለሠራተኞች ጠቃሚ ሆኖ እናገኘዋለን። ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የሩቅ አይደሉም። ከተማ የማን ናት? መንገዷን፣ መብራቷንና ባዶ መሬቷን የሚያዝበት ማን ነው? አንድ ቅን ሹም ብቻውን የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ሊለውጥ ይችላልን? ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ፒንግሪ በ1840 በሜይን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከቤቱ ወጥቶ በጥጥ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም በማሳቹሴትስ ግዛት በጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ቆራጭ ሆኖ በጉልበቱ አደረ። የባሪያ አሳዳሪዎች አመፅ ባስነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በ1862 ከሰሜኑ ጦር ጋር ዘመተ። በ1864 ተማርኮ አንደርሰንቪል በተባለው የምርኮኞች ሠፈር ታጎረ። በዚያ ሠፈር ከታሰሩት ወደ 45,000 የሚጠጉ ምርኮኞች መካከል ወደ 13,000 የሚሆኑት በረሀብና በበሽታ ማለቃቸውን ስናስታውስ፣ ከዚያ የተረፈ ሰው የረሀብን ትርጉም ከመጽሐፍ እንዳልተማረው መገመት አያዳግትም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ዲትሮይት ሄደ። በ1866 ቻርልስ ስሚዝ ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ የጫማ ፋብሪካ ገዛ። ፋብሪካዋ በሃያ ዓመት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን የምታሠራ ትልቅ ድርጅት ሆነች። ቆዳ ቆራጩ ወዛደር ከበርቴ ሆነ ማለት ነው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ፒንግሪ እስከ ዕለተ ሞቱ የፋብሪካ ባለቤት ነበረ፤ የምርት መሣሪያዎች የግል ሀብት መሆናቸው ስሕተት ነው ብሎም አላመነም። የሕይወቱ ትምህርትም የሚመነጨው ከዚሁ ቅራኔ ነው።

በ1889 የዲትሮይት ባለሀብቶች ለከንቲባነት እጩ ሲፈልጉ ዓይናቸው በዚህ የጫማ ባለፋብሪካ ላይ ዐረፈ። እሱም ከጫማ ሥራ በስተቀር የማውቀው ነገር የለም በማለት አመንትቶ እንደነበር ይነገራል። ባለሀብቶቹ የፈለጉት ወጪ የሚቀንስ፣ ግብር የማያበዛ፣ የንግድ ሰው የሆነ ሹም ነበር። የጀርመን፣ የፖላንድና የአየርላንድ ተወላጅ የሆኑት ሠራተኞች ድምፅም ተጨምሮለት ተመረጠ። ከ1890 እስከ 1897 በተከታታይ በከንቲባነት ሠራ።

የዚያን ጊዜዋ ዲትሮይት ከ200,000 የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት፣ የምድጃና የባቡር ፉርጎ ፋብሪካዎች የበዙባት ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ ሕዝቧ በየዕለቱ የሚገለገልበት ነገር ሁሉ በግል ኩባንያዎች እጅ ነበረ። ትራሙ የኩባንያ፣ የመንገድ መብራቱ የኩባንያ፣ ጋዙ የኩባንያ ነበረ። ወደ ከተማዋ በሚያስገቡት ዋና ዋና መንገዶች ላይ እንኳ የግል ኬላዎች ተተክለው ገበሬው አትክልቱን ይዞ ሲገባ ቀረጥ ይከፍል ነበር። አብዛኛዎቹ መንገዶች ከእንጨት ጉማጅ የተነጠፉ ስለነበሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሱ ነበር። መንገዱ ሲበሰብስ ደግሞ ለሥራ ተቋራጩ አዲስ ውል ይፈረምለታል። ለሕዝብ ኪሳራ የሆነው ብልሽት ለተቋራጩ የገቢ ምንጭ ነበር።

አዲሱ ከንቲባ ሥራውን የጀመረው ከዚሁ ከመንገዱ ነው። ጥሩ ጫማ የሚሠራ ሰው ቆዳውን መርምሮ እንደሚገዛ ሁሉ ውሎቹን አንድ በአንድ መመርመር ያዘ። ባየ ቁጥር የተረዳው ነገር ቢኖር የከተማዋ ችግር የጥቂት ሌቦች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። የምክር ቤት አባል ጉቦ የሚቀበለው ጉቦ የሚሰጥ ስላለ ነው፤ ጉቦ የሚሰጠው ደግሞ የተከበረው ኩባንያ ነው። ሌባውን ብቻ አስሮ ሰጪውን በክብር ወንበሩ ላይ መተው ከዛፉ ቅጠሉን ሸምጥጦ ሥሩን እንደ መተው ይቆጠራል።

ይህ ግንዛቤ በተግባር የተፈተነው በ1891 የጸደይ ወራት ነው። የትራም ኩባንያው ሠራተኞች ማኅበር በማቋቋማቸው መሪዎቻቸው ከሥራ ሲባረሩ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የከተማው ሕዝብ በአንድነት ደገፋቸው። ኩባንያው እንደ ልማዱ የጦር ኃይል ወጥቶ አድማውን እንዲያፈርስለት ጠየቀ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የአድመኞችን ደም ማፍሰስ የተለመደ ነበር። ፒንግሪ ግን ጦሩን አልጠራም አለ። ክርክሩ በሽምግልና እንዲታይ ኩባንያውን አስገደደው። ሠራተኞቹም አሸነፉ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ለኩባንያው የረጅም ዘመን አዲስ የኮንሴሲዮን ውል ሊሰጥ በተዘጋጀ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ተሰብስቦ ተቃውሞውን አሰማ፤ ከንቲባውም ውሳኔውን ሻረው።

ቀጥሎ የመብራት ጉዳይ መጣ። የመንገድ መብራት የሚያቀርበው የግል ኩባንያ የሚጠይቀው ዋጋ ከፍተኛ መሆኑ በተረጋገጠ ጊዜ ከተማዋ የራሷን የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንድታቋቁም ፒንግሪ ሐሳብ አቀረበ። ጉዳዩ በ1893 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በከፍተኛ ብልጫ ጸደቀ። በ1895 የከተማዋ መንገዶች ሕዝቡ ራሱ ባለቤት በሆነበት ማመንጫ መብራት ጀመሩ። ወጪውም ቀነሰ። በ1894 ደግሞ ከንቲባው ፖሊስ አስከትሎ በትምህርት ቤቶች ቦርድ ስብሰባ ላይ በመገኘት ጉቦ በልተዋል የተባሉ አባላትን እዚያው በጉባዔው ፊት እንዳስያዛቸው የከተማዋ ታሪክ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የገዛ መደቡ ዝም ብሎ አልተመለከተም። በ1889 ያስመረጡት ባለሀብቶች ጀርባቸውን ሰጡት። ከነበረበት የባንክ ዲሬክተሮች ቦርድ አስወገዱት። የባቡር ፉርጎ ባለፋብሪካና የግዛቲቱ የሪፐብሊካን ፓርቲ አዛዥ የነበረው ሴናተር ጄምስ ማክሚላን ዋነኛ ባላጋራው ሆነ። ጋዜጦች መልሱን አናትምም ባሉት ጊዜ ፒንግሪ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ አሰቅሎ ለሕዝቡ የሚለውን በዚያ ላይ ይጽፍ ጀመር። የፕሬስ ነፃነት የሚባለው ነገር የማተሚያውን መኪና በያዘው ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ አይገኝም።

በ1893 በአሜሪካ ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ደረሰ። በአገሪቱ በሙሉ ከ500 የሚበልጡ ባንኮችና ወደ 15,000 የሚጠጉ ድርጅቶች ተዘጉ። በዲትሮይትም ፋብሪካዎች ጭስ ማውጣት አቆሙ፤ በሺ የሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ በተለይም ከፖላንድና ከጀርመን የመጡት ስደተኞች፣ ሥራ ፈትተው ለድሆች መርጃ መሥሪያ ቤት በራፍ ላይ ተሰለፉ። የመርጃው ገንዘብ በፍጥነት ያልቅ ጀመር። ባለጸጎቹ ድኃ የሚራበው በስንፍናው ነው የሚለውን የቆየ ስብከታቸውን ደገሙ።

በዚህ ጊዜ ፒንግሪ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ። በከተማዋ ዙሪያ ሰፋፊ ባዶ መሬት አለ። ባለቤቶቹ ዋጋው እስኪወደድ ድረስ ጾሙን ያሳድሩታል። በአንድ በኩል ሥራ ያጣ ክንድ፣ በሌላ በኩል ሥራ ያጣ መሬት፤ ሁለቱን የለያያቸው የንብረት ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከንቲባው ባለቤቶቹ መሬታቸውን ለጊዜው እንዲያውሱ ጠየቀ። ኮርኔሊየስ ጋርድነር በተባለ የጦር መኮንን የሚመራ ኮሚቴም አቋቋመ። ለማረሻና ለዘር የሚሆን ገንዘብ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ እንዲዋጣ ቢለምንም የተገኘው እጅግ ጥቂት ሆነ። ከዚህ በኋላ እጅግ የሚወደውን ፈረሱን በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለዚሁ ሥራ አዋለ።

በ1894 በጋ ወደ 430 ኤከር የሚጠጋ፣ በእኛ ልኬት ከአራት ጋሻ የሚበልጥ መሬት ለ945 ቤተሰቦች ተከፋፈለ። ድንች፣ ባቄላና ሌላም አትክልት ተዘራ። ጋዜጦች «የድንቹ ፒንግሪ» እያሉ ተሳለቁበት፤ ሥዕል እየሣሉ አላገጡበት። ድኃው አያርስም፤ ቢያርስም ይሰራረቃል ብለው ተነበዩ። ትንቢታቸው ከንቱ ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ወደ 3,600 ዶላር ገደማ ባወጣበት ሥራ ከ12,000 ዶላር በላይ የሚገመት ምርት ተሰበሰበ። በሁለተኛው ዓመት የተሳታፊዎቹ ቤተሰቦች ቁጥር ከ1,500 በላይ ሆነ። ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ ባፋሎና ሌሎችም ከተሞች የዲትሮይትን አርአያነት ተከተሉ።

በዚህ የድንች ማሳ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። የመጀመሪያው ትምህርት ግልጽ ነው። ድኃው ሰነፍ ነው የሚለው አባባል ውሸት መሆኑ በ945 ማሳዎች ላይ በተግባር ተረጋገጠ። ሠራተኛው የጎደለው ጉልበት ወይም ፍላጎት ሳይሆን ጉልበቱን የሚያውልበት መሣሪያ ነበር። መሣሪያውን ባገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ለማኝ መሆኑ ቀርቶ አምራች ሆነ። ሁለተኛው ትምህርት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። መሬቱ የተገኘው በውሰት ነው። የሰጠውም የነሣውም ባለቤቱ ነው። ቀውሱ አልፎ የመሬት ዋጋ ማንሠራራት ሲጀምር ማሳው ወደ ግንባታ ቦታነትና ወደ ሽያጭ ተመለሰ፤ ገበሬ የሆነው ሠራተኛም ወደ ፋብሪካው በር ተመለሰ። ረሀቡን ያስታገሠው ዘዴ የረሀቡን ምክንያት አልነካውም። ጥገናዊ ለውጥ የሚባለው ይህ ነው፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፣ ወሰኑም እንደዚያው እውነተኛ ነው።

የትራሙ ትግልም መጨረሻው ከዚህ የተለየ አልሆነም። ፒንግሪ የትራም ዋጋ ከአምስት ሳንቲም ወደ ሦስት ሳንቲም እንዲወርድ አጥብቆ ታገለ። ለሠራተኛው ይህች ሁለት ሳንቲም በየቀኑ ጧትና ማታ ስትደማመር የዳቦ ዋጋ ነበረች። በ1895 በሦስት ሳንቲም የሚያስኬድ ተወዳዳሪ ኩባንያ መሥመር ከፈተ። ሕዝቡ ደስ አለው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ኩባንያዎች ተፎካካሪ ሆነው የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው። በ1900 ማለቂያ ላይ የከተማዋ የትራም መሥመሮች በሙሉ በአንድ ድርጅት ተጠቃለሉ። ነፃ ውድድር ሞኖፖልን እንደሚወልድ በንድፈ ሐሳብ የሚታወቀውን ነገር የዲትሮይት ተሳፋሪ በኪሱ ዐወቀው።

ፒንግሪ በ1896 የሚሺጋን ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1898ም በድጋሚ ተመረጠ። በዚያም ትግሉን በባቡር ኩባንያዎች ላይ አደረገ። ገበሬው በእርሻው፣ ሠራተኛው በጎጆው ዋጋ ልክ ግብር ሲከፍል ሰፊ ሀብት ያላቸው የባቡር ኩባንያዎች እንደ ሌላው በንብረታቸው ዋጋ አይከፍሉም ነበር። ይህን ለማስተካከል የወጣውን የ1899 ሕግ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሰረዘው። ዲትሮይት የትራም መሥመሮቹን ገዝታ የራሷ እንድታደርግ የታቀደውንም በዚያው ዓመት ያው ፍርድ ቤት አገደው። ሕዝቡ በ1900 ሕገ መንግሥቱን በድምፁ ካሻሻለ በኋላ የባቡሮቹ የግብር ሕግ በ1901 ቢወጣም፣ ፒንግሪ ሥልጣኑን ለቆ ነበር። ከባሕር ማዶ ጉዞ ሲመለስ በሰኔ 1901 በለንደን ከተማ በስድሳ ዓመቱ ሞተ። በ1904 ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ የተሠራው ሐውልቱ በዲትሮይት መሐል በሚገኘው ግራንድ ሰርከስ አደባባይ ቆመ።

ምስሉን ያለ ጉድፍ ማቅረብ የእውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ ተግባር አይደለም። ፒንግሪ አገረ ገዥ ከሆነ በኋላ ከንቲባነቱንም ደርቦ ለመያዝ ፈልጎ በፍርድ ቤት ተከልክሏል። በአስተዳደሩ ዘመን በግዛቲቱ ሚሊሺያ ንብረት ላይ ምዝበራ የፈጸሙ ሹማምንት በተፈረደባቸው ጊዜ ሥልጣኑን ሊለቅ ሲል ምሕረት አደረገላቸው። ሌላውን ጉቦኛ በአደባባይ ያስያዘው ሰው የገዛ ባልንጀሮቹን በደል ሸፈነ። ይህ የግል ባሕርይ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል፣ ያ ሰው በደከመ ወይም ባደላ ቀን የሚቆጣጠረው ድርጅት አለመኖሩ ያስከተለው ውጤት ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲሰነዘሩ እናያለን። አንደኛው የከበርቴው ሥርዓት ጠበቆች የሚያሰሙት ነው። እነሱ ፒንግሪን እያሳዩ «ሥርዓቱ ራሱን በራሱ ያርማል፤ የሚያስፈልገው ጥሩ ሰው መምረጥ ብቻ ነው» ይላሉ። በ1993 በአሜሪካ ምሁራን መካከል በተደረገ የድምፅ አሰጣጥ ፒንግሪ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ከንቲባዎች መካከል በአራተኛነት ተመድቧል። ማወደሱ መልካም ነው። ነገር ግን ያን ያህል ጥሩ የተባለው ሰው ከባቡር፣ ከትራምና ከመሬት ባለቤቶች ጋር በተፋጠጠባቸው ዋና ዋና ጥያቄዎች ላይ ዘላቂ ድል ሳያይ መሞቱ ምን ያስረዳል? ሁለተኛው ስሕተት የግራ ዘመም ችኩሎች ስሕተት ነው። እነሱ ደግሞ «ከበርቴ ስለነበረ የሠራው ሁሉ ማታለያ ነው» ይላሉ። በ1891 ጦር እንዳይወጣበት የተደረገው አድመኛ፣ በ1894 ክረምት ለልጆቹ ድንች ያስገባው አባት ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር? ለሰፊው ሕዝብ የተገኘ ቁራሽ ድል ድል ነው፤ ሊናቅ አይገባውም።

ትክክለኛው መመዘኛ ሌላ ነው። ድሎቹ የተገኙት የት ነበር? ሠራተኛው አድማ መትቶ፣ የሠፈሩ ሰው ከጎኑ በቆመ ጊዜ ተገኙ። ሕዝቡ በአዳራሽ ተሰብስቦ ውሉ አይፈረም ባለ ጊዜ ተገኙ። የመብራቱ ጉዳይ ለሁሉም ድምፅ በቀረበ ጊዜ ተገኙ። ሽንፈቶቹስ? ጉዳዩ ሕዝቡ በማይገባበት በር ውስጥ፣ በዳኞች ሸንጎ፣ በባለ አክሲዮኖች ስብሰባ፣ በመሬት ሽያጭ ውል ላይ በተወሰነ ጊዜ ሁሉ ደረሱ። ፒንግሪ ኃይል ያገኘው ከተሰበሰበው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን ኃይሉም አብሮ ተበተነ። ቋሚ ድርጅት አልነበረምና።

የኋላው ታሪክ ይህን ያጸናል። የዲትሮይት ሕዝብ ትግሉን አልተወም፤ በ1922 የትራሙ መሥመሮች የከተማዋ ሀብት ሆኑ። ይሁን እንጂ ኢንዱስትሪው ትርፍ ወደሚበዛበት ሲሰደድ የከተማዋ ሕዝብ እየሳሳ ሄዶ በ1950 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው በ2010 ወደ 714,000 ወረደ። በሐምሌ 2013 ዲትሮይት ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳ ተሸክማ የመክሠር አቤቱታ አቀረበች። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተመረጡት ባለሥልጣኖች በላይ የሚያዝ ሹም በግዛቲቱ አገረ ገዥ ተሾሞባት ነበር። ያን ጊዜ ከመንገድ መብራቶቿ 40 በመቶ ያህሉ አይበሩም ነበር። በ1895 የበራው የሕዝቡ የኤሌክትሪክ ድርጅት ደንበኞችም ከ2014 ጀምሮ ለግል ኩባንያ ተላለፉ። በዚያው ዓመት ዕዳ ያለባቸው በሺ የሚቆጠሩ ቤቶች ውኃ ተቆረጠባቸው። በአንጻሩ የከተማዋ ነዋሪዎች በፈረሱ ቤቶች ቦታ ላይ አትክልት እየተከሉ መኖራቸው የፒንግሪን ማሳ ያስታውሰናል። የሥራ ወዳዱ ሕዝብ ክንድ በመቶ ሃያ ዓመት ውስጥ አልደከመም፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን ገና መልስ ይጠብቃል።

በአገራችን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት መሆኑ የታወጀው በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲሆን፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም የተመሠረቱት በዚሁ አዋጅ ነው። ባዶ መሬት ታጥሮ፣ ክንድ ሥራ አጥቶ የሚኖርበት ሁኔታ ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው አይስተውም። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ሥራ አይሠራም። መሬት የሕዝብ ነው ማለትና ሕዝቡ በመሬቱ ላይ ያዝዛል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኋለኛው የሚረጋገጠው አባላት በስብሰባው ሲገኙ፣ የሒሳቡን መዝገብ ሲያዩ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ሲጠይቁ፣ የመረጡትን ሰው ሲቆጣጠሩ ብቻ ነው።

በመሆኑም ከዲትሮይቱ ከንቲባ የምንወስደው ትምህርት እርሱን የመሰለ ደግ ሹም እስኪመጣ እንጠብቅ የሚል አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለአንድ ክር አልተነገረም። ደግ ሹም ሲገኝ እንደግፈው፤ ስሕተቱን ፊት ለፊት እንንገረው፤ ከሁሉም በላይ እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው የሚቀጥልበትን ማኅበር በየሠፈራችንና በየመሥሪያ ቤታችን አጠናክረን እንገንባ። ፒንግሪ ፈረሱን ሸጦ የሰጠው ዘር በቅሎ ነበር፤ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነበር። ዘሩንም፣ መሬቱንም፣ የሒሳቡንም መዝገብ በእጁ የያዘ የተደራጀ ሕዝብ ብቻ የዘራውን ራሱ ያጭዳል።